ምዕራፍ ሰባት፦ ሌባው ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ

በአንበሳሜና በዙሪያዋ ባሉት የደራ ቀበሌዎች፣ ጣቶቹ መሐል ማሳከክ የጀመረው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደጁን ነው። ብሳናው ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ለጋ ቅጠሉ ተጨምቆ ጭርት ላይ ይቀባል። እንዶዱ ከቁጥቋጦው መሐል አለ፤ ልብስም ገላም ይታጠቡበታል። ግራዋ ተዘፍዝፎ ሽፍታ የወጣበት ልጅ ይታጠብበታል። ድግጣ ለከብት ቅማል፣ ፌጦ በሎሚ ተለውሶ አልለቅ ላለ እከክ፣ እምቧይ ለቆረቆር ይባላል። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ደግሞ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ቆዳው የታመመ ሰው ስንቁን ይዞ ሄዶ ቀናት ይታጠብበታል።

ይህ እውቀት ከአፍ ወደ አፍ ብቻ የሚተላለፍ አይደለም። ከጣና ዳርቻ ዘጌ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የልሳነ ምድሩን ሰዎች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 67 መድኃኒታዊ ዕፅዋትን ለ52 ዓይነት ሕመም መዝግበዋል። ከዚያ በፊትም ደብተራዎቻችን የዕፅዋትን ስምና አዘገጃጀት በብራና ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስቴፋን ስትረልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ዋርሶ ላይ ያሳተመው ትልቅ ሥራ የተገነባው በእነዚህ የመድኃኒት መጻሕፍት ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እውቀት አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ «ይህ ቅጠል አዳነኝ» የሚል ሰው ምን አይቶ ነው እንዲህ የሚለው? ብዙውን ጊዜ ያየው ማሳከኩ መቆሙን ነው። በዚህ ምዕራፍ አንባቢው እንዲይዝልኝ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ማሳከክ ከበሽታው ዘግይቶ ይመጣል፣ ከበሽታውም ዘግይቶ ይሄዳል። በማሳከኩ ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥሩውን መድኃኒት ሊጥል፣ የማይረባውን ሊያመሰግን ይችላል።

ውሻው መቼ ይጮኻል?

ለማሳከክ ምክንያቱ ብዙ ነው። የበጋው ደረቅ አየርና ኃይለኛ ሳሙና ቆዳን አድርቀው ያሳክካሉ። ጭርትና ቆረቆር የፈንገስ ሥራ ናቸው። ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሰው፣ በምዕራፍ ሦስት ያየናት የቢልሃርዚያ ትል ቆዳውን በስታ ስትገባ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያሳክከው ይችላል። አለርጂም አለ። እኔ ግን እከክን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በአማራ ክልል የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው፣ የማሳከክን ጠባይም ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል።

እከክን የምታመጣው ተባይ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ አይሞላም። እንስቷ በቆዳችን የላይኛው ስስ ሽፋን ውስጥ መተላለፊያ እየቆፈረች ትገባለች፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል እየጣለች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ትኖራለች። እንቁላሉ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለው በሁለት ሳምንት ገደማ አድጎ ራሱ መውለድ ይጀምራል። የምትወዳቸው ቦታዎች የጣቶች መሐል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ ወገብና ብልት አካባቢ ናቸው።

ተባይዋ ስትቆፍር ግን አታሳክክም። የሚያሳክከው የሰውነታችን መከላከያ ለእሷ፣ ለእንቁላሏና ለኩሷ የሚሰጠው ምላሽ ነው። እዚህ ላይ ግቢ የሚጠብቅ ውሻን እናስብ። ሌባው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ውሻው ጠረኑን አያውቀውም፤ ዝም ይላል። ሌባው እየተመላለሰ ሲከርም ውሻው ጠረኑን ይማራል፣ አንድ ሌሊት መጮኽ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ሌባው አጥሩን ገና ሲነካ ይጮኻል። ሌባው ጠፍቶ ጠረኑ ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስም አያቆምም።

ይህ በሰው ቆዳ ላይ በትክክል የሚሆነው ነው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ከልጆቹ ጋር ይተኛል፣ ያስተላልፋል። ቀድሞ ይዞት የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ እስከ አራት ቀን ውስጥ ያሳክከዋል። ተባዮቹ ሁሉ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በድናቸውና ኩሳቸው ከቆዳው ጋር ተልጦ እስኪወድቅ ድረስ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከኩ ሊቀጥል ይችላል።

ሼፊልድ ውስጥ የተኙት ሰዎች

ይህን ሁሉ ያወቅነው ቆዳቸውን በፈቃዳቸው በሰጡ ሰዎች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እከክ የእንግሊዝን ጦር አስቸግሮ ነበር። ኬኔት ሜላንቢ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ፣ ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው ጦር ሜዳ ያልሄዱ ወጣቶችን በበጎ ፈቃድ ሰበሰበ። እከክ ያለባቸው ወታደሮች በተኙበት ብርድ ልብስ ራቁታቸውን ተኙ፤ ወታደሮቹ ያወለቁትን ያልታጠበ የውስጥ ልብስ ለበሱ። ሁሉም ሰው እከክ በልብስና በአልጋ ልብስ ይተላለፋል ብሎ ያምን ስለነበር ጦሩ ብርድ ልብስ ለማፍላት ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ከፈቃደኞቹ ግን በዚህ መንገድ የተያዙት እጅግ ጥቂት ሆኑ። ተባይዋ በዋናነት የምትተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ አንድ መደብ ላይ አብሮ እንደሚተኛ ቤተሰብ ማለት ነው።

ሜላንቢ የ886 ወታደሮችን ቆዳ መርምሮ እንስት ተባዮቹን ቆጠረ። አማካዩ በአንድ ሰው 11 ገደማ ነበር። ሰውነቱን ሙሉ የሚቧጥጥ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ፣ ከደረቱ እስከ ጭኑ ሽፍታ የወረሰው ሰው፣ በላዩ ያሉት እንስት ተባዮች አሥራ አንድ ብቻ! ሽፍታው ያለበት ቦታና ተባይዋ ያለችበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ቅጠል ጨምቆ የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ መቀባት፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ተባይዋን ሊስታት ይችላል። የጤና ባለሙያ «ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይቀር ተቀባ» የሚለው ለዚህ ነው።

የተደለለ ውሻ

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ፣ ሁለት ሰዎችንም እናስብ። አንደኛው ተባይዋን በእውነት የሚገድል ነገር ተቀባ። ተባዮቹ በዚያው ሌሊት ሞቱ። እሱ ግን በሳምንቱም ያሳክከዋል፣ በሁለተኛው ሳምንትም ያሳክከዋል። «አልሠራም» ብሎ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ወይም ያንኑ መድኃኒት በየቀኑ እየደጋገመ ቆዳውን ያቆስላል። ሁለተኛው ሰው ተባይዋን የማይነካ፣ ማሳከኩን ግን ዝም የሚያሰኝ ነገር ተቀባ። ያን ሌሊት ተኛ። ጎረቤቱን «እገሌ የሰጠኝ ነገር ፍቱን ነው» ይለዋል። ተባዮቹ እንቁላላቸውን እየጣሉ ናቸው፤ ውሻው ሥጋ ተጥሎለት ዝም አለ እንጂ ሌባው ግቢው ውስጥ ነው።

ውሻውን የሚደልል ነገር ከመድኃኒት መደብርም ይገኛል። ቤታሜታዞንና መሰል የስቴሮይድ ቅባቶች የሰውነትን ምላሽ ያዳፍናሉ፣ ማሳከኩም ይቆማል። እከክ ወይም ጭርት ላይ ያለ ምርመራ ሲቀቡት ግን ሕመሙ መልኩን ቀይሮ ይስፋፋል። ሐኪሙ በኋላ ሲያየው የተለመደ ምልክቱ ስለሚጠፋ ለመለየት ይቸገራል።

የጓሮው መድኃኒት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በአገራችን ካላቃጠለ አያድንም የሚል እምነት ሥር የሰደደ ነው። ለዚህም እውነተኛ ምክንያት አለው። ማቃጠልና ማሳከክ ወደ አንጎል የሚሄዱት በተቀራረቡ የነርቭ መንገዶች ነው፤ የሕመም ስሜት በአከርካሪያችን ውስጥ የማሳከክን መልእክት ይገታዋል። ስናክክ የሚሻለንም በዚሁ ነው፤ ቆዳችንን በጥፍር በጥቂቱ እናሳምመዋለን፣ ማሳከኩ ለጊዜው ይሸነፋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የአዞ ሐረግ፣ የቁልቋል ወተት ቆዳን ሲያቃጥሉ ማሳከክ በርግጥ ይቆማል። እጅግ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባትም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል። የዋንዛዬ ውሃ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ ቆሻሻና መግል ያጥባል፣ ይህ በራሱ ቀላል ጥቅም አይደለም። ይሁን እንጂ የእከክ ተባይ በሙቀት እንድትሞት ከ50 ዲግሪ በላይ ለአሥር ደቂቃ መቆየት አለባት፤ ያንን ሙቀት ልብስ እንጂ የሰው ገላ አይችለውም።

አዲስ ነገር ሳይደረግ እከክ የቀነሰበት ደሴት

«ጎረቤቴ በዚህ ቅጠል ድኗል» የሚለው ምስክርነት ሌላም ጉድለት አለው፤ ቅጠሉን ባይቀባ ምን ይሆን እንደነበር አይነግረንም። ይህን አጥርቶ ያሳየ ጥናት የመጣው ከፊጂ ደሴቶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ተመራማሪዎቹ የደሴቶቹን ነዋሪዎች በሦስት ከፈሏቸው። በአንደኛው ደሴት ሕዝቡ ሁሉ አይቨርሜክቲን የተባለውን እንክብል ወሰደ። በሁለተኛው ሁሉም ፐርሜትሪን የተባለውን ቅባት ተቀባ። በሦስተኛው እንደወትሮው የታመመው ሰውና የቅርብ ቤተሰቡ ብቻ ታከሙ።

በዓመቱ ሲታይ አይቨርሜክቲን በተሰጠበት ደሴት እከክ ከ32 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህ ብቻውን ያስደስታል። እኔን ያስቆመኝ ግን ሦስተኛው ደሴት ነው፤ አዲስ ነገር ሳይደረግ እከኩ ከ37 በመቶ ገደማ ወደ 19 በመቶ ወረደ፣ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በሦስተኛው ደሴት ላይ ብቻ የሆነ ቅጠል አከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ፣ በዓመቱ ተመልሶ «ቅጠሌ እከክን በግማሽ ቀነሰው» ብሎ በሙሉ ልብ በመሰከረ ነበር። ሌሎቹ ደሴቶች ባይኖሩ ይህን የሚያስተባብል አንድም ነገር አልነበረም።

ማነጻጸሪያ ቡድን የሚባለው ይህ ነው። ለሕክምና ሳይንስ ከማይክሮስኮፕ የማያንስ መሣሪያ ነው እላለሁ።

ከሳህኑ እስከ ሰውየው

ስለ እኛ ዕፅዋት ምን ይታወቃል? ብሳና፣ እንዶድ፣ ግራዋ፣ ፌጦ፣ እምቧይ፣ ሬት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪዎች ደጋግመው ተፈትሸዋል። አሠራሩ በምዕራፍ አራት ያየነው ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ይነከራል። ጭማቂው ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ በበቀለበት ሳህን ላይ ይደረጋል፣ በዙሪያው ያለው ተሕዋስ ሲሞት ባዶ ክብ ይታያል፣ ክቡ ይለካል። ብዙዎቹ ክብ ሠርተዋል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አይደለም። ሳህኑ ቆዳ የለውም፣ ላብ የለውም፣ አያሳክከውም። ሳህኑ ላይ ተሕዋስ የገደለው መጠን ቆዳ ላይ ሲደርስ ወይ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ወይ ከላይ ቀርቶ ተባይዋ ካለችበት አይደርስም።

ሳህኑን አልፎ ወደ ሕያው ተባይ ሲኬድ የሰውን ግምት የሚያፋልስ ነገር ይገኛል። ድግጣን እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ቅጠሉን ለመዥገር ይጠቀሙበታል። ተመራማሪዎች ከዚያው የሰበሰቡትን ቅጠል ጭማቂ በላቦራቶሪ መዥገር ላይ ሲሞክሩ ድግጣ መዥገሯን ያባርራል የሚል ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤታቸው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ መዥገሮቹ ወደ ጭማቂው ተሳቡ። ጭማቂው ሲነካቸው ደግሞ ደነዘዙ፣ ሞቱም። አርብቶ አደሩ ቅጠሉ እንደሚሠራ ትክክል ነበር፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ያለ ሙከራ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ከዚያ በላይ ያለው ሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው፣ እዚህ ስንደርስ ነገሩ ይሳሳል። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እከክ ያለባቸውን 30 ሰዎች ከሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን የሬት ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ለሌላው በጤና ጣቢያዎቻችን «ቢቢኤል» እየተባለ የሚታወቀውን ቤንዚል ቤንዞኤት ሰጠ። ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። ማነጻጸሪያ ስላለው ዋጋ አለው፤ ሠላሳ ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ሁለት ሦስት ሰው ወዲህ ወዲያ ቢል መደምደሚያው ይገለበጣል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ሌላ ሥራ አለ፤ 814 ሰዎች የኒም ቅጠልና እርድ አብሮ ተፈጭቶ ተቀብተው 97 በመቶው ከ3 እስከ 15 ቀን ውስጥ ዳኑ ይላል። ቁጥሩ ያጓጓል። ነገር ግን ከጎኑ ሌላ ነገር የተቀባ ወይም ያልተቀባ ቡድን የለም። በሦስት ቀን ዳነ የተባለው ሰውስ ምኑ ታይቶ ነው? በሦስት ቀን እንቁላሉ እንኳ ተፈልፍሎ አላለቀም፤ ተባዮቹ ሞተው ከሆነም ማሳከኩ ገና በቀጠለ ነበር። ኒምና እርድ አይሠሩም ማለቴ አይደለም። ያ ጥናት መሥራታቸውን ሊያሳይ በሚችል መንገድ አልተሠራም ማለቴ ነው።

ለእከክ ሳይሆን ለደረቅና ለተቆጣ ቆዳ ከሆነ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው የቤት ነገሮች አሉ። አንዱ ደጋው የሚያበቅለው አጃ ነው። በደንብ የላመ የአጃ ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ ቆዳውን ይሸፍናል፣ እርጥበት ይይዛል፣ መቆጣትን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችም አሉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ቆዳ ተከላካይ ብሎ ተቀብሎታል። ጥቁር አዝሙድም አለ። ኢራን ውስጥ የእጅ ችፌ ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የጥቁር አዝሙድ ቅባት ከቤታሜታዞን ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርትም እንዳለ ተቀጥቅጦ ቆዳ ላይ ሲታሰር የሚያቃጥል ቢሆንም፣ ከውስጡ የተለየው አጆዪን የተባለ ንጥረ ነገር በቅባት መልክ በቬንዙዌላ ወታደሮች እግር ፈንገስ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። በመቀጥቀጥና በመለየት መካከል ያለው ልዩነት መጠን ነው፤ ስንት እንደተቀባ ይታወቃል።

የሕክምናው መደርደሪያ ላይ ያሉት ዕፅዋት

ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ከፋብሪካ የመጣ፣ ጓሮው የሚሰጠው ከተፈጥሮ የመጣ ተደርጎ ሲታሰብ ቅር ይለኛል። ቢቢኤል ውስጥ ያለው ቤንዚል ቤንዞኤት፣ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ከዛፍ ሙጫ እያወጡ ለቆዳ ሕመም ሲቀቡት የኖሩት የፔሩ በለሳን ዋና ንጥረ ነገር ነው። ሜላንቢ በወታደሮቹ ላይ ፈትሾ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ከተቀቡት እንደሚበቃ ያሳየውም ይህንኑ ነው። ፐርሜትሪን የተሠራው ኬንያ በብዛት ታበቅለው የነበረው፣ ፓይሬትረም የሚባለው ነጭ አበባ የሚሰጠውን ነፍሳት ገዳይ ንጥረ ነገር ተከትሎ ነው። አይቨርሜክቲን ደግሞ ከዕፅዋት ሳይሆን ጃፓን ውስጥ ከአፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው፤ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው።

ያው ዓመት በእኛ በኩል የኤል ኒኞ ድርቅ የጀመረበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ውሃ ሲጠፋና ቤተሰብ ሲጨናነቅ እከክ በአማራ ክልል ተዛመተ። ባለሙያዎች በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው መርምረው ከ370 ሺህ የሚበልጥ እከክ ያለበት ሰው አገኙ። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ከጃፓኑ አፈር የተገኘው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መዘግየቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እከክ እንቅልፍ በማሳጣት አያቆምም። በጥፍር በተቧጠጠው ቆዳ ባክቴሪያ ይገባል፣ ያ ባክቴሪያ የሕፃናትን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

የሚያቃጥሉት

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጤና አዳምና ሎሚ ቆዳ ላይ ተቀብተው ፀሐይ ሲመታቸው ቆዳውን በከባዱ ያቃጥላሉ። በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር በፀሐይ ብርሃን ነው የሚነሣው። በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፣ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን ብሌን ይጎዳል፤ ስለዚህ ፊትና ጭንቅላት አካባቢ ፈጽሞ አይነካ። የአዞ ሐረግና ነጭ ሽንኩርት ለሰዓታት ከታሰሩ እንደ እሳት ቃጠሎ ቆዳ ያነሣሉ። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ የተቀባውን በቀላሉ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ለአዋቂ የተለካ ነገር ለሕፃን አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ለእህል የተገዛን ፀረ ተባይ ገላ ላይ ማድረግ ነው፤ ይህ ይገድላል።

እከክ ሲሆን ደግሞ የትኛውም መድኃኒት፣ ከጓሮም ይሁን ከጤና ጣቢያ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢቀባው ከንቱ ነው። የማያሳክካቸውም ጭምር በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ሌሊት መታከም አለባቸው፤ ውሻቸው ገና ያልጮኸ ሊሆን ይችላልና። አይቨርሜክቲን ከሆነ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ልብሱና አንሶላው ይፈላል፣ ወይም ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ታስሮ ይቀመጣል፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ውጭ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትኖርም።

ደራ ላይ ቢሞከር

በምዕራፍ ሦስት ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ምን እንዳዩ ተርከናል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። አክሊሉ ግን እዚያ አላቆሙም። በላቦራቶሪ መጠኑን ለኩ፤ ኋላም የአድዋ ወንዞች ለዓመታት በእንዶድ ሲታከሙ የከተማው ሰው በቢልሃርዚያ የመያዙ መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። የቆጠሩት የሰውን አስተያየት ሳይሆን የትሉን እንቁላል ነበር።

ለብሳና ወይም ለእንዶድ ቅባት እንዲህ ያለ ሥራ በደራ ቢሠራ ምን ይመስላል? የማሳከክ ጠባይ ራሱ መልኩን ይሰጠናል። በመጀመሪያ ቅጠሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በየትኛው ወር ተቆረጠ፣ በምን ተዘፈዘፈ፣ በአንድ ማንኪያ ቅባት ውስጥ ስንት አለ የሚለው ይጻፋል። የሚከፋፈለው ለቤተሰብ እንጂ ለግለሰብ አይሆንም። ግማሹ ቤተሰብ የቅጠሉን ቅባት፣ ግማሹ ቢቢኤል ያገኛል፤ ማን የቱን እንደሚያገኝ በዕጣ ይለያል። እከክን የሚያድን መድኃኒት እያለ አንዱን ቡድን ባዶ መተው ነውር ስለሆነ ማነጻጸሪያው መድኃኒት ነው። የሚመረምረው ባለሙያ የትኛው ቤት የቱን እንደተቀባ አይነገረውም፤ ሁለቱም ቅባቶች በመልክና በጠረን እንዲመሳሰሉ ይደረጋል፣ ይህ ብሳናን ለሚያውቅ አፍንጫ ቀላል ሥራ አይሆንም።

ውጤቱ በሳምንቱ አይታይም። በሳምንቱ የሚታየው ቅባቱ ቆዳ ማቃጠሉና አለማቃጠሉ ብቻ ነው። ዋናው ምርመራ በ28ኛው ቀን ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሞቱት ተባዮች ያስቀሩት ማሳከክ አልቋል፣ ያልሞቱ ካሉም አዲስ ትውልድ አውጥተዋል። ባለሙያው «ያሳክክሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ይጽፋል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር የጣቶቹን መሐልና የእጁን አንጓ ያያል፤ አዲስ የተቆፈረ መተላለፊያ ይፈልጋል፣ ሲያገኝም በቀስታ ፍቆ ተባይዋን በማይክሮስኮፕ ሥር ይቆጥራል።

በሁለተኛው ወር ተመልሶ አብረው የሚተኙትን ልጆች በሙሉ እንደገና ይመረምራል።